አማራጭ የተባለው የምህንድስና ጽሑፍ፦ ይጻፍ ወይስ ይቅር?

(አዳማ ላይ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል)

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ጉዳያችን ጠባብ ነው። ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከት ከምትዘጋጁት ብዙዎቻችሁ ምህንድስናን መርጣችኋል። ማመልከቻውን ስትሞሉ ከዋናው ድርሰት ሌላ አንድ ሳጥን ይገጥማችኋል። ምህንድስናን ለምን እንደፈለጋችሁ፣ እስካሁን ከሙያው ጋር ምን እንዳገናኛችሁ፣ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለምን እንደሚስማማችሁ ጻፉ ይላል። አንዳንዱ ዘንድ ግዴታ ነው። አንዳንዱ ዘንድ «አማራጭ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ተማሪውን የሚያስጨንቀውም ይኸኛው ነው። ገሚሱ «አማራጭ ያሉት በውስጠ ወይራ ነው፣ ግዴታ ማለታቸው ነው» ብሎ የተገኘውን ሞልቶ ይልካል። ገሚሱ ደግሞ «ካላስገደዱኝማ እፎይ» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም የወሰኑት ምን ሊጽፉ እንደሚችሉ ሳያዩ ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ረቂቁን ጻፉ፣ ከዚያ ወስኑ። ረቂቁን መጻፍ ሁለት ምሽት ይፈጃል፤ ሳይጽፉ መወሰን ግን መገመት ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ተማሪ ደግሞ ሚዛኑ ወደ መጻፍ ያደላል። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ጽሑፉ በእርግጥ አማራጭ መሆኑን አጣሩ። ኮመን አፕ ላይ፣ ማለትም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በሚጠቀሙበት የኢንተርኔት ማመልከቻ ላይ፣ ግዴታ የሆነ ጥያቄ አጠገቡ ቀይ ኮከብ አለው። ነገር ግን አንዳንዱ ጥያቄ የሚታየው የትምህርት ዘርፉን ከመረጣችሁ በኋላ ብቻ ነው። ፕሪንስተንን ውሰዱ፦ ለምህንድስና ዲግሪ የሚያመለክት ሰው በ250 ቃል ስለ ምህንድስና ፍላጎቱ መጻፍ አለበት፤ ለሌላው ዲግሪ የሚያመለክተው የሚቀርብለት ጥያቄ ሌላ ነው። በመጨረሻው ሌሊት ሐሳቡን ቀይሮ «ምህንድስና» የሚለውን የጫነ ተማሪ አይቶት የማያውቅ ባዶ ሳጥን ይመጣበታል። ስለዚህ የዘርፍ ምርጫችሁን በመጀመሪያው ቀን አስገቡና የሚከፈቱትን ጥያቄዎች በሙሉ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን የቅበላ ገጽ አንብቡና አስተያዩ። ቅጹና ገጹ ካልተስማሙ ለቅበላ ክፍሉ በሁለት መስመር ኢሜይል ጠይቁ፤ ጠየቀ ብሎ የሚጥል የለም። አንዳንዶቹ ዘንድ የማሟያ ጽሑፉ (ዩኒቨርሲቲው በተጨማሪ የሚጠይቀው እንዲህ ያለው ጽሑፍ) ከዋናው ማመልከቻ ተለይቶ ለብቻው እንደሚላክም አትርሱ። ዋናውን ልኮ ማሟያውን ሳይልክ የሚቀር ተማሪ አለ።

ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ወዴት እንደሚቀበለው እዩ። ኮርኔል ውስጥ የምታመለክቱት ከኮሌጆቹ ለአንዱ ነው፤ ምህንድስናን ከመረጣችሁ ፋይላችሁ የሚመዘነው ከሌሎች የምህንድስና አመልካቾች ጎን ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ስለ ምህንድስና የሚጠየቅን ጥያቄ ባዶ መተው ዋናውን ጥያቄ እንደመዝለል ነው፤ አማራጭም ቢባል ጻፉት። ዬል ደግሞ ወደ አንድ ኮሌጅ ነው የሚቀበለው፤ ዘርፉን ተማሪው በኋላ ይወስናል። ኤምአይቲ ጭራሽ ኮመን አፕን አይጠቀምም፤ የራሱ ማመልከቻ አለው። የሚቀበለውም ወደ ተቋሙ እንጂ ወደ አንድ የትምህርት ክፍል አይደለም፤ ዋናው ትምህርት የሚመረጠው የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ነው። በእጃቸው ነገር ለሠሩ ተማሪዎች ግን ፎቶና ማብራሪያ የሚያቀርቡበት አማራጭ ክፍል አለው። የሠራችሁት ነገር ካለ ፎቶው የሚገባው እዚያ ነው።

አሁን ሚዛኑ ለምን ወደ መጻፍ ያደላል ወዳልኩት ልምጣ። አንባቢው ጠረጴዛ ላይ ስለ እናንተ ምን እንዳለ አስቡ። እስከ 650 ቃል የሚደርስ ዋና ድርሰት አለ። እስከ 10 የሚደርሱ እንቅስቃሴዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ የተፈቀደው 150 ፊደል ብቻ ነው፣ ቃል አላልኩም፣ ፊደል። እስከ 5 የሚደርሱ ሽልማቶች፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና ትራንስክሪፕት አሉ። አንድ የአሜሪካ ተማሪ ትራንስክሪፕቱ ላይ የኮሌጅ ደረጃ ፊዚክስ፣ የእንቅስቃሴ ዝርዝሩ ላይ የሮቦት ክለብ ሊኖረው ይችላል፤ ስለ ምህንድስና ምንም ባይጽፍ እንኳ ፋይሉ ይናገርለታል። የአዳማ ተማሪ ትራንስክሪፕት «ሒሳብ» እና «ፊዚክስ» ብሎ ያበቃል። የ12ኛ ክፍል ሒሳባችን ውስጥ ካልኩለስ እንዳለ እንኳ ከርዕሱ አይታወቅም። (ይህን የሚያስረዳው ትምህርት ቤቱ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የሚልከው መግለጫ ነው። ድርሰታችሁን ለዚህ አታባክኑ፤ ርዕሰ መምህሩን ወይም አማካሪውን ጠይቁና እዚያ ይግባ።) ስለዚህ እንደ መሐንዲስ ማሰብ መቻላችሁ የሚታይበት ሌላ ቦታ ከሌለ ይህ ሳጥን ብቸኛው ቦታ ይሆናል።

ረቂቁ ይላክ ወይስ ይቅር የሚለውን ወደምንለይበት ፈተና እንሂድ። ረቂቁ ሲያልቅ ሙሉ ማመልከቻችሁን አትሙና ከጎኑ አስቀምጡ። እስክሪብቶ ያዙና ከረቂቁ ውስጥ ሌላ ቦታ የተጻፈውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሰርዙ፦ ውጤት፣ የክለብ አባልነት፣ በዋናው ድርሰት የተነገረ ታሪክ። ቀጥሎ የጓደኛችሁን ስም ብታስገቡበት እኩል እውነት የሚሆነውን ሰርዙ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ዕቃ መፍታት እወድ ነበር» በዚህ ይወድቃል። «አገሬን በቴክኖሎጂ መለወጥ እፈልጋለሁ» ምኞቱ የተቀደሰ ቢሆንም አብሮ ይወድቃል። የተረፈው ከግማሽ በላይ ከሆነ ጽሑፉ መላክ አለበት። ከግማሽ በታች ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ሞክሩ፤ አሁንም ካልሞላ ተዉትና ጊዜውን ለግዴታዎቹ አውሉት።

ብዙዎች በመጀመሪያው ሙከራ የሚወድቁት ነገር ስለሌላቸው አይደለም፤ የሚፈልጉት ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። ከዚህ ከተማ የሚጻፍ ረቂቅ ብዙ ጊዜ ከከተማው ዳር ባሉት የነፋስ ተርባይኖች ቢጀምር አይገርምም። ሁላችንም እናያቸዋለን። የአዳማ አንድ 34፣ የአዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት ነው፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። ነገር ግን «ተርባይኖቹን እያየሁ አደግሁ» የሚል ተማሪ ስለ ተርባይን እንጂ ስለ ራሱ ምንም አልተናገረም። የወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም መሆኑን ጠቅሶ፣ ችግሩን ዘርዝሮ፣ «እኔ ይህን እፈታለሁ» ብሎ መዝጋት ጥሩ ዜና ሊሆን ይችላል፤ የምህንድስና ጽሑፍ ግን አይሆንም። ያው ተማሪ ፍሎራይድን ከውሃ የሚያጣራ የአጥንት ከሰል ለማክሰል ሞክሮ፣ አጥንቱ ከልክ በላይ ሲቃጠል እንደሚነጣና ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ እንደሚወርድ፣ ሳይበቃው ሲቀር ደግሞ ውሃው እንደሚሸት ደርሶበት ከሆነ ነገሩ ተለወጠ። ልዩነቱ የርዕሱ ትልቅነት ላይ አይደለም። ተማሪው አንድ ነገር ነክቶ፣ ነገሩ እምቢ ብሎት፣ ለምን እምቢ እንዳለ በቁጥር ማወቁ ነው።

አንድ ምሳሌ ሰፋ አድርጌ ላሳያችሁ፤ ከየቤታችሁ ስለሆነ። የኤሌክትሪክ ምጣድ። የበዓል ዋዜማ ማታ እንጀራው ዓይን አላወጣም፣ ሥሩም ተጣበቀ። እናት ሊጡን ትጠረጥራለች፤ ልጅ ደግሞ ምጣዱ የተሰካበትን ኤክስቴንሽን ትጠረጥራለች፣ ገመዱ ሞቋልና። አንዲት ተማሪ ከዚህ ብትነሳ ምን ልትጽፍ ትችላለች?

ምጣዱ 3,500 ዋት ነው እንበል። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ የሽቦው ተቃውሞ ወደ 14 ኦም ነው ማለት ነው። ያን ማታ ምጣዱ እየሠራ የኤክስቴንሽኑ ሶኬት ሲለካ 180 ቮልት ብቻ ነበር። (ልኬቱን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባለበት አድርጉት፤ ለድርሰት ተብሎ ሕይወት አይቀለድበትም።) ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚሄድ 180ን ለ220 አካፍለን ካሬ ስናደርገው 0.67 ይመጣል። ቮልቴጁ በ18 በመቶ ወርዶ ሙቀቱ በሲሶ ወረደ፤ 3,500 የነበረው ወደ 2,340 ዋት ሆነ። ሊጡ ነጻ ወጣ።

ታዲያ ጥፋተኛው ገመዱ ነው? 20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ ሲሄድና ሲመለስ 40 ሜትር ነው፤ ተቃውሞው ግማሽ ኦም አይሞላም። በ13 አምፔር የሚበላው 6 ቮልት ገደማ ነው። ገመዱ መሞቁ እውነት ነው፣ አደጋም ነው፤ የጎደሉትን 40 ቮልት ግን አያብራራም። የቀረው 34 ቮልት በአብዛኛው የጠፋው ከቆጣሪው በፊት ይመስላል፤ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ በለኮሰበት መስመር ላይ። ተማሪዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው ስህተት ሆኖ ተገኘ፣ ስህተት መሆኑን ያወቀችውም በስሌት ነው። ከዚያ ቀጥላ ሰፈር ሲተኛ ብትለካና 215 ቮልት ብታገኝ ግምቷ ይጠነክራል። ምጣዱን ቀስ ብሎ አሙቆ በእርጋታ መጋገር ይረዳ እንደሆነ ብትሞክርና ባይረዳ፣ ያም ይጻፋል። ከሸክላው ወለል የሚሸሸው ሙቀት ሳያቋርጥ ስለሚሸሽ፣ ዝቅ ባለ ኃይል ቢቆይም የሚፈለገው ሙቀት ላይ ላይደርስ ይችላል።

ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ከ150 ቃል አይበልጥም። ሮቦት የለበትም፣ ሜዳሊያ የለበትም። አንባቢው ግን ከሌላ ሰው ፋይል ሊያገኘው የማይችለውን ነገር አገኘ፦ ይህች ልጅ ስትጠረጥር ትለካለች፣ ልኬቷ ግምቷን ሲያፈርስባት ልኬቷን ታምናለች።

ከአዋሽ ውሃ በሚስቡት ማሳዎች ዙሪያ የምትኖሩ ደግሞ የፓምፕ ነገር አላችሁ። መማሪያ መጽሐፉ ፓምፕ ከ10 ሜትር ጥልቀት ውሃ መሳብ ይችላል ይላል፤ ያ በባሕር ጠለል ላይ ነው። እዚህ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት ወደ 83 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ጣሪያው 8 ሜትር ተኩል አይሞላም፤ በቱቦው ውስጥ የሚባክነው ሲነሳለት 6 ሜትር ላይ ማቃሰት ይጀምራል። ባለማሳው ይህን በልምድ ያውቀዋል፤ ፓምፑን ወደ ውሃው አውርዶ ይተክላል። ለምን እንደሚያወርደው በቁጥር ያብራራ ተማሪ የሚጽፈው አለው።

መተው የሚሻልበት ጊዜም አለ፣ በእሱ ላይ ግልጽ ልሁን። ዋናው ድርሰታችሁ ራሱ ይህንኑ የምህንድስና ጉዳይ በሰፊው ተርኮ ከሆነ ድጋሚ መጻፍ አንባቢን ማድከም ነው። ምህንድስናን የመረጣችሁት ቤተሰብ ስለፈለገው ከሆነ ረቂቁ ያጋልጣችኋል። የሒሳብና የፊዚክስ ውጤታችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ጽሑፉ ዓይን ወደዚያ ይጎትታል፤ ውጤቱን የሚያብራራ እውነተኛ ምክንያት ካለ ለእሱ የተጨማሪ መረጃ ክፍል አለ፣ የምህንድስናው ሳጥን ቦታው አይደለም። ግዴታ የሆኑት ጽሑፎች ገና ካላለቁና የቀራችሁ ጊዜ ከአንድ ሳምንት በታች ከሆነ ደግሞ አማራጩን አትንኩት። የተኮላተፈ ግዴታና ያማረ አማራጭ አብረው ሲነበቡ የሚታወሰው የተኮላተፈው ነው።

ለመጻፍ ከወሰናችሁ 250ውን ቃል እንዲህ ብትከፍሉት ይበጃል። ችግሩን ለማስረዳት 50፤ ያደረጋችሁትና የሆነው 120፤ እስካሁን ያልገባችሁ ወይም መሥራት ያልቻላችሁት 40፤ ያ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ምን እንዳለው 40። ሦስተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ለመማር ለምን እንደምትሄዱ የሚናገረው እሱ ነው። የምጣዷ ተማሪ «መስመሩ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ስንት ቤት እንዲሸከም ታስቦ እንደተተከለ ማስላት አልቻልኩም» ብትል አራተኛው ክፍል ከራሱ ይከተላል፦ ስለ ኃይል ማከፋፈያ የሚያስተምረው ኮርስ የትኛው ነው? የኮርሱን ስም ከዩኒቨርሲቲው የዘንድሮ ካታሎግ ውሰዱ። አምስት ቤተ ሙከራና ሦስት ፕሮፌሰር መደርደር ገጹን ከመገልበጥ አይለይም፤ ከችግራችሁ ጋር የተያያዘ አንድ ይበቃል።

ቁጥር ስትጽፉ መለኪያውን አትዝለሉ። «ምጣድ» ምን እንደሆነ በስድስት ሰባት ቃል አስረዱ፤ አንባቢው አይቶት አያውቅም። የቴክኒክ ቃል አታብዙ፤ የመጀመሪያው አንባቢ መሐንዲስ ላይሆን ይችላል። ፎርሙላ አትጻፉ፣ ውጤቱን ጻፉ።

ድርሰት ጽፈው የሚሸጡ አሉ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በደቂቃ ይጽፋል። ኮመን አፕ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያመነጨውን ጽሑፍ እንደ ራስ ሥራ ማቅረብን በማጭበርበር ይመድበዋል። ከዚያ ባሻገር፣ የተገዛ ጽሑፍ ከላይ በተናገርነው ፈተና አያልፍም፤ ሻጩ የእናንተን ሶኬት አልለካም። ሰዋስው እንዲታረም መምህር ማሳየት ግን ተገቢ ነው።

ስለ ጊዜ። ኮመን አፕ ለአዲሱ ዙር የሚከፈተው በፈረንጆቹ ነሐሴ 1፣ በእኛ ሐምሌ 25 ነው። የቀደምት ማመልከቻ ብዙ ቦታ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ኅዳር 1፣ ጥቅምት 22፤ መደበኛው ብዙ ቦታ በጥር መጀመሪያ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ባሉት ቀናት ነው። የየዩኒቨርሲቲውን ቀን ከገጹ አረጋግጡ፤ በሁለቱ አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉት። የሰዓቱም ነገር አለ፦ እነሱ 11:59 የሚሉት በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ59 ነው። መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋበት ምሽት ስለማይታወቅ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት ቅጹ የሚያሳያችሁን የመጨረሻ ቅጂ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ቃል አንብቡ፤ ጽሑፍ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ መጨረሻው ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

ከአድማጮች ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን ከመልሳቸው ጋር ላስቀምጥ።

አንድ አባት ጽሑፉን መጻፍ የገንዘብ ድጋፍ ለማግኘት ይረዳ እንደሆነ ጠይቀዋል። አባቴ፣ የገንዘብ ድጋፍ የሚጠየቀው በሌላ ቅጽ ነው፤ ይህ ጽሑፍ እዚያ አይገባም። ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትማውዝና አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪንም ሲመርጡ የቤተሰቡን አቅም አይመለከቱም። ሌሎች ብዙዎች ግን ለውጭ ተማሪ የሚመድቡት ገንዘብ ውስን ስለሆነ ድጋፍ የሚሻን አመልካች ጠበቅ አድርገው ይመዝናሉ። እንዲህ ባለው ቦታ ፋይሉን የሚያጠነክር ጽሑፍ ካለ መላኩ ይበጃል፤ የሚያሳሳ ከሆነ ግን ይጎዳል።

አንዲት ተማሪ የሠራችው ነገር በመጨረሻ ካልሠራ መጻፍ ያሳፍር እንደሆነ ጠይቃለች። አያሳፍርም፣ እኔ እንዲያውም ያልሠራውን እመርጣለሁ። ነገር ግን «አልሠራም» ብለሽ አትተዪው፤ የት ላይ እንደቆመ፣ ምክንያቱ ምን ይመስልሽ እንደነበር፣ ምን ለክተሽ እንዳረጋገጥሽ ወይም እንዳልቻልሽ ጻፊ። ምክንያቱ እስካሁን ካልታወቀሽ ሦስተኛው ክፍል የሚጻፈው በእሱ ነው።

ሦስተኛው፣ አንዱን ጽሑፍ ለብዙ ዩኒቨርሲቲ መላክ ይቻል እንደሆነ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ይቻላሉ፤ ታሪኩ የራሳችሁ ነውና። የመጨረሻዎቹን 40 ቃላት ግን ለእያንዳንዱ ከባዶ ጻፉ፤ የቃል ጣሪያውም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ 250ውን ወደ 150 ማሳጠር ሲኖርባችሁ ከችግሩ መግለጫና ከኮርሱ ቀንሱ፣ ልኬቱን አትንኩ። ከመላካችሁ በፊትም በጽሑፉ ውስጥ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም አለመቅረቱን በፍለጋ አጣሩ።